አፍራሹን ምሳሌ አምጡ

አንድን ባሕርይ ዐውቀዋለሁ የሚል ሁሉ፣ ያ ባሕርይ የጎደለውን ነገር አምጥቶ ያሳየን። የእንቅስቃሴያችን የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ብያኔን በቃል መያዝ ማወቅ አይደለም፤ ቲዎረምን በፈተና ወረቀት ላይ መልሶ መጻፍም ማወቅ አይደለም። ተያያዥነትን ያወቀ የሚባለው፣ ተያያዥ መስሎ የተበጣጠሰውን ለይቶ የሚያሳይ ነው። ኮምፓክትነትን ያወቀ የሚባለው፣ አንዲት ነጥብ ጎድላው ኮምፓክት ሳይሆን የቀረውን ስፔስ ሰሌዳ ላይ ሠርቶ የሚያቆም ነው። ይህ ችሎታ በአማርኛ በሚያስብ ወጣት ሁሉ እጅ እንዲገባ ተነሥተናል። የምንጀምረው ከአጠቃላይ ቶፖሎጂ ነው።

ለምን ከቶፖሎጂ? በጥቂት ቃላት ተጀምሮ ሩቅ የሚያደርስ ትምህርት ስለሆነ ነው። ላቦራቶሪ አይፈልግም፤ ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ ካልኩለስ ጨርሶ መምጣትን እንኳ ለመነሻው አይጠይቅም። ስብስብ፣ ንዑስ ስብስብ፣ ማዋሐድ፣ መጋራት የሚሉትን ሐሳቦች የያዘ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬውኑ መጀመር ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ቶፖሎጂ ስለ ባሕርያት የሚናገር ትምህርት ነው። «ስንት ነው?» አይልም፤ «ምን ዓይነት ነው?» ይላል። ሲለጠጥና ሲታጠፍ፣ ሳይቀደድና ሳይጣበቅ፣ ከነገሩ የማይጠፋው ምንድን ነው? ይላል። ሒሳብ ማለት ስሌት ብቻ መስሎት ያደገ ተማሪ፣ እዚህ ሲደርስ ማሰብ ራሱ ሥራ መሆኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያል።

መነሻው ጥያቄ ይህ ነው፤ ርቀት ሳንለካ ስለ መቀራረብ መናገር እንችላለን ወይ? ጀርመናዊው ፌሊክስ ሃውስዶርፍ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው የስብስብ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፉ እንችላለን አለ። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) በእያንዳንዱ ነጥብ ዙሪያ «አካባቢ» የሚባሉ ስብስቦችን አቆመ፤ የሚገዙባቸውን ጥቂት ሕጎች ደነገገ፤ ሜትርና ሴንቲ ሜትር ከነገሩ ወጡ። ዛሬ የምንጠቀምበት ብያኔ ከዚያም ያጠረ ነው። አንድ ስብስብ ውሰዱ። ከንዑስ ስብስቦቹ የተወሰኑትን መርጣችሁ «ክፍት» በሏቸው። ባዶው ስብስብና ሙሉው ስብስብ ከክፍቶቹ መካከል ይሁኑ። ክፍቶችን፣ ብዛታቸው ምንም ያህል ቢሆን፣ ስታዋሕዱ የሚገኘው ክፍት ይሁን። ሁለት ክፍቶች የሚጋሩት ክፍልም ክፍት ይሁን። አለቀ። ቶፖሎጂያዊ ስፔስ ማለት ይህ ነው።

በየክፍሉ ይህ ብያኔ ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ይታለፋል። እኛ ግን እዚህ ላይ ቆመን እንከራከራለን። ማዋሐዱ ወሰን የለሽ ሲሆን መጋራቱ በውሱን ቁጥር የታጠረው ለምንድን ነው? ይህን ሳይጠይቅ ያለፈ ተማሪ ብያኔውን አልተማረውም፤ ታዘዘው እንጂ።

መልሱ ያምራል። ክፍት ስብስብን፣ እውነት በሆነ ጊዜ በውሱን ሥራ ሊረጋገጥ እንደሚችል አባባል አድርጋችሁ ዕዩት። የአንድ ብረት ርዝመት ከ2 ሜትር ይበልጣል እንበል። እውነት ከሆነ፣ ትርፉ የቱንም ያህል ቢያንስ፣ በቂ ጥራት ያለው መለኪያ ይደርስበታል። «ርዝመቱ ልክ 2 ሜትር ነው» የሚለውን ግን የትኛውም መለኪያ አረጋግጦ ሊጨርሰው አይችልም፤ ምንም ያህል ቢጠራ ጥቂት የስሕተት ቦታ ይቀርበታልና። አሁን ሕጎቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ከእልፍ አባባሎች ቢያንስ አንዱ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ አንዱን ማግኘት ይበቃል፤ ስለዚህ ማዋሐድ ወሰን አያስፈልገውም። ሁሉም እውነት መሆናቸውን ለማረጋገጥ ግን አንድ በአንድ መፈተሽ ግድ ነው፤ ማለቂያ ከሌላቸው ሥራውም ማለቂያ የለውም። ከ-1 እስከ 1፣ ከ-1/2 እስከ 1/2፣ ከ-1/3 እስከ 1/3 እያሉ ያለ ማቋረጥ የሚጠቡት የቁጥር መስመር ክፍት ቁራጮች ሁሉ የሚጋሩት ዜሮን ብቻ ነው። ዜሮ ብቻውን በተለመደው የቁጥር መስመር ላይ ክፍት አይደለም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልተጻፈም።

አሁን ወደ ባሕርያት እንምጣ። የሃውስዶርፍን ስም የያዘው ባሕርይ፣ ማናቸውም ሁለት የተለያዩ ነጥቦች ምንም በማይጋሩ ሁለት ክፍት ስብስቦች ውስጥ ተለያይተው ይገባሉ ይላል። ሰሚው «ታዲያ ይህ ምን ይገርማል?» ይላል፤ የጎደለውን ስላላየ ነው። የተፈጥሮ ቁጥሮችን ውሰዱ። ክፍት የምትሉት ባዶውን ስብስብና ውሱን ቁጥሮች ብቻ የጎደሏቸውን ስብስቦች ይሁን። ሦስቱም ሕጎች ይከበራሉ። በዚህ ስፔስ ውስጥ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እያለ የሚሄደው ተከታታይ ወደ 5 ይጠጋል። ወደ 17ም ይጠጋል። ወደ እያንዳንዱ ቁጥር ይጠጋል፤ ምክንያቱም የየትኛውም ቁጥር አካባቢ ከተከታታዩ ውሱን አባላትን ብቻ ነው ውጭ የሚያስቀረው። በካልኩለስ ክፍል «ገደብ ካለ አንድ ብቻ ነው» ተብሎ የተነገረን ነገር የተፈጥሮ ሕግ አልነበረም፤ ሃውስዶርፋዊነት የሰጠን ስጦታ ነበር። ይህን ያየ ተማሪ ከዚያ በኋላ ገደብ የሚለውን ቃል እንደ ቀድሞው አይሰማውም።

ሃውስዶርፍ አይሁዳዊ ነበር። በጃንዋሪ 1942 በቦን ከተማ፣ ከናዚዎች የግዞት ትእዛዝ ሲደርሳቸው፣ እርሱ፣ ባለቤቱ ሻርሎተና እኅቷ ኢዲት ራሳቸውን አጠፉ። ስሙን በየቀኑ የምንጠራ ሰዎች ይህን ሳናውቅ ልንጠራው አይገባም ብለን እናምናለን።

ኮምፓክትነትም እንዲሁ ከጎደለበት በኩል ነው የሚታየው። አንድ ስፔስ ኮምፓክት ነው የምንለው፣ በፈለግነው ያህል ብዛት ባላቸው ክፍት ስብስቦች ስንሸፍነው፣ ከመሸፈኛዎቹ ውሱኖቹ ብቻ ሲበቁ ነው። ከ0 እስከ 1 ያለው ቁራጭ ሁለቱን ጫፎቹን ይዞ ኮምፓክት ነው። 0ን ብቻ አውጡበት። ከ1/2 በላይ ያለው፣ ከ1/3 በላይ ያለው፣ ከ1/4 በላይ ያለው እያሉ የሚሰፉት ክፍሎች አንድ ላይ ሆነው ቀሪውን ሁሉ ይሸፍኑታል፤ ከእነርሱ ውሱን ቁጥር ብትወስዱ ግን ወደ 0 የተጠጉት ነጥቦች ሳይሸፈኑ ይቀራሉ። አንዲት ነጥብ ወጣች፣ ባሕርዩ ጠፋ። ከእርሱም ጋር ሌላ ነገር ጠፋ፤ በሙሉው ቁራጭ ላይ የማይቋረጥ ፋንክሽን ሁሉ ከፍተኛ ዋጋ ሲኖረው፣ አሁን 1 ሲካፈል ለx ያለ ልጓም ይወጣል።

ግን ከሁሉ አብልጦ ልባችንን የያዘው የዋርሶው ምሳሌ ነው። በ1921 ብሮኒስዋፍ ክናስተርና ካዚሚዬሽ ኩራቶቭስኪ አንድ ስፔስ ሠሩ። ከአንድ ቁራጭ መስመር መካከለኛውን ሲሶ አውጡ፤ ከቀሩት ከሁለቱም መካከለኛ ሲሷቸውን አውጡ፤ ይህን ያለ ማቋረጥ ቀጥሉ። የሚተርፈው የካንቶር ስብስብ ነው፤ ነጥቦቹ ተበታትነው የቀሩ አቧራ። ከላይ አንድ ጫፍ አቁሙና እያንዳንዱን የተረፈ ነጥብ ከጫፉ ጋር በቀጥታ መስመር አገናኙ። አሁን ከመስመሮቹ ላይ ነጥቦችን አስወግዱ፤ የተወገዱት ሲሶዎች ጫፍ ከሆኑ ነጥቦች በሚነሡት መስመሮች ላይ ከፍታቸው በክፍልፋይ የሚጻፉትን ብቻ አስቀሩ፤ በሌሎቹ መስመሮች ላይ ከፍታቸው በክፍልፋይ የማይጻፉትን ብቻ አስቀሩ። ላይኛው ጫፍ ይኑር። የተገኘው ስፔስ ተያያዥ ነው፤ ለሁለት ምንም በማይጋሩ ባዶ ባልሆኑ ክፍት ክፍሎች ሊከፈል አይችልም። ያቺን አንዲት ጫፍ ስታነሡ ግን ከአንድ ነጥብ የሚበልጥ ተያያዥ ክፍል አንድም አይተርፍም። ሁሉም በአንድ ጊዜ ብትንትኑ ይወጣል። ተያያዥነትን በዓይን የሚታይ ነገር አድርጎ ያሰበ ሰው ይህን ምሳሌ ሲሰማ መጀመሪያ አያምንም፤ ቀጥሎ ማረጋገጫውን ይጠይቃል። እኛ የምንፈልገው ያንን ሁለተኛውን ቅጽበት ነው።

ሁለት ስፔሶች የያዙት ባሕርይ ብዜታቸው ላይ ይቀጥላል ወይ የሚለውም ጥያቄ እንዲሁ የዋህ ይመስላል። ለኮምፓክትነት መልሱ አዎ ነው፤ ሩሲያዊው አንድሬ ቲኾኖቭ በ1930ዎቹ ያቆመው ቲዎረም፣ ኮምፓክት ስፔሶች የቱንም ያህል ቢበዙ ብዜታቸው ኮምፓክት ነው ይላል። ፈረንሳዊው ዣን ዲዩዶኔ በ1944 ፓራኮምፓክት የሚባለውን ላላ ያለ ባሕርይ ሲያቀርብ ይኸው ጥያቄ ተከትሎት መጣ። በ1947 አሜሪካዊው ሮበርት ሶርገንፍሬይ መለሰ። የቁጥር መስመሩን ወሰደና ግራ ጫፋቸውን ይዘው ቀኝ ጫፋቸውን የሚተዉ ቁራጮችን ክፍት አደረገ። ያ ብቻ ነው ያደረገው። መስመሩ ፓራኮምፓክት ነው፤ ምንም የማይጋሩ ሁለት ዝግ ስብስቦችን (ከእነርሱ ውጭ የቀረው ክፍት የሆነውን) ምንም በማይጋሩ ክፍት ስብስቦች መለየት የሚያስችለው ኖርማልነት የሚባለው ባሕርይም አለው። መስመሩን ከራሱ ጋር ሲያባዙት የሚገኘው ሜዳ ግን ሁለቱንም ያጣል። ጸጥ ያለ ስፔስ በራሱ ተባዝቶ ታወከ። ቲዎረሙና አፍራሹ ምሳሌ ጎን ለጎን ሲቆሙ ነው የኮምፓክትነት ክብር የሚታየው።

ስለዚህ አፍራሽ ምሳሌ የስሕተት ማሳያ ብቻ አይደለም። ሒሳብ ወሰኑን የሚያሰምርበት ቀለም ነው። በ1967 የትምህርት ዕረፍት ወራት በሚኒሶታ፣ በሴንት ኦላፍ ኮሌጅ፣ ገና የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያልጨረሱ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ይህንን ሥራ ተያያዙት። ከሥራው ሊን ስቲንና አርተር ሲባክ በ1970 ያሳተሙት፣ 143 ምሳሌዎችን የሰበሰበው የቶፖሎጂ አፍራሽ ምሳሌዎች መጽሐፍ ተወለደ። ዛሬ ደግሞ ያንኑ መንፈስ የተከተለ፣ ፓይ-ቤዝ የተባለ፣ ለማንም ክፍት የሆነ የኢንተርኔት መዝገብ አለ፤ የትኛው ስፔስ የትኛውን ባሕርይ እንደያዘ ይመዘግባል፣ ከታወቁት ቲዎረሞችም ቀሪውን ራሱ ያወጣል። የሚሠራው ሥራ የተሰወረ አይደለም። የእኛ እጅ ያልገባበት መሆኑ ነው የሚቆጨን።

አንድ አገር ይህን ሥራ ሆን ብሎ ይዞ ሊነሣ እንደሚችል ማስረጃ አለን። ፖላንድ ከመቶ ዓመት በላይ በሦስት ኃያላን ተከፋፍላ ኖራለች። በዋርሶ የነበረው ዩኒቨርሲቲ በሩሲያኛ ነበር የሚያስተምረው፤ በፖላንድኛ የሚያስተምር ሆኖ የተከፈተው በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1915 ነው። ነጻነቱ ገና ሳይጸና፣ በ1918፣ ዚግሙንት ያኒሼቭስኪ የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ የፖላንድ ሒሳብ የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ የሚያትት ጽሑፍ አወጣ። ምክሩ ደፋር ነበር። በየዘርፉ ተበታትነን የታላላቆቹን አገሮች ጥላ አንከተል፤ ያለንን ጥቂት ኃይል በአንድ ዘርፍ ላይ እናከማች፤ ለዚያ ዘርፍ ብቻ የቆመ፣ ዓለም የሚያነበው መጽሔት እንመሥርት አለ። የተመረጠው ዘርፍ የስብስብ ንድፈ ሐሳብና ተጎራባቹ ቶፖሎጂ ነበር። ከቫትስዋፍ ሼርፒንስኪና ከስቴፋን ማዙርኬቪች ጋር ሆኖ ፉንዳሜንታ ማቴማቲኬ የተባለውን መጽሔት አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1920 ወጣ። ያኒሼቭስኪ አላየውም። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ፣ በ31 ዓመቱ፣ ኢንፍሉዌንዛ ገደለው።

የተከለው ግን በቀለ። ክናስተርና ኩራቶቭስኪ ያንን ተአምረኛ ስፔስ ያሳተሙት በዚሁ መጽሔት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ ኩራቶቭስኪና ሼርፒንስኪ በድብቅ ማስተማራቸውን ቀጠሉ፤ ማስተማር በሞት በሚያስቀጣበት ከተማ። ከፖላንድ የሒሳብ ሰዎች ብዙዎቹ ተገደሉ። ተቋርጦ የነበረው መጽሔት በ1945 33ኛውን ቅጽ አወጣ። ከፖላንድ የምንወስደው የሀብትን ትምህርት አይደለም፤ ሀብት አልነበራቸውምና። ጥቂቶች በአንድ ነገር ላይ ሲከማቹ ጥቂት አይደሉም የሚለውን ነው።

በዚያ መጽሔት የመጀመሪያ ቅጽ ላይ አንድ የሩሲያዊ ወጣት ጥያቄም ወጥቶ ነበር። ሚኻይል ሱስሊን በ1919፣ በ24 ዓመቱ፣ በታይፈስ ሞተ፤ ጥያቄው ከሞተ በኋላ ታተመ። የቁጥር መስመሩን ከሌሎች በቅደም ተከተል ከተሰለፉ ስፔሶች ለመለየት አንድ ባሕርይ በሌላ፣ ላላ ባለ ባሕርይ ቢተካ ይበቃል ወይ? ይላል። ግማሽ ምእተ ዓመት ያህል ከተደከመበት በኋላ የተገኘው መልስ፣ በተለመዱት የስብስብ ንድፈ ሐሳብ አክሲየሞች አዎም አይደለምም ማለት እንደማይቻል ነው። ይህን የምንጠቅሰው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። ወደ እኛ የሚመጣ ወጣት የሰው ልጅ ማስረጃ እስከ የት እንደሚደርስ በትክክል የሚነገረው ሰው እንዲሆን ስለምንፈልግ ነው።

«ይህ ለሊቃውንት ነው» ለሚሉን ደግሞ አንድ ማረጋገጫ እንሰጣለን፤ እዚሁ፣ አሁን። ዋና ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው ከዩክሊድ ጀምሮ ይታወቃል። በ1955 ኒው ዮርክ ውስጥ ተማሪ የነበረው ሂለል ፉርስተንበርግ አዲስ ማረጋገጫ አሳተመ፤ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ኢንቲጀሮችን ሁሉ፣ አሉታዊዎቹንም ጨምራችሁ፣ ውሰዱ። አንድ ስብስብ ክፍት ነው የምንለው፣ እያንዳንዱ አባሉ በእኩል እርምጃ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ያለ ማለቂያ በሚሄድ ሰልፍ ውስጥ ሲገኝና ያ ሰልፍ በሙሉ በስብስቡ ውስጥ ሲያድር ነው። ሦስቱን ሕጎች ፈትሹ፤ ይከበራሉ። እንግዲህ ባዶ ያልሆነ ክፍት ስብስብ ሁሉ ማለቂያ የለውም፤ አንድ ሙሉ ሰልፍ ይዟልና። እያንዳንዱ ሰልፍ ደግሞ ክፍት ብቻ ሳይሆን ዝግም ነው፤ ከእርሱ ውጭ የቀረው በዚያው እርምጃ የሚሄዱ የሌሎች ሰልፎች ኅብረት ነውና። አሁን ዋና ቁጥሮች ውሱን ናቸው እንበል። የ2 ብዜቶች፣ የ3 ብዜቶች፣ የ5 ብዜቶች፣ እስከ መጨረሻው ዋና ቁጥር ያሉት ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ውሱን ዝጎች ሲዋሐዱም ዝግ ናቸው። ከዚህ ኅብረት ውጭ የሚቀሩት በየትኛውም ዋና ቁጥር የማይካፈሉት 1 እና -1 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሁለት አባላት ብቻ ያሉት ስብስብ ክፍት ሆነ። አይሆንም፤ ክፍት ከሆነ ማለቂያ ሊኖረው አይገባም ነበር። ዋና ቁጥሮች ውሱን አይደሉም።

ፉርስተንበርግ በኋላ በኢየሩሳሌም የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ በ2020 የአቤል ሽልማትን ከተቀበሉት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። ለእኛ ግን ዋናው ነገር ማረጋገጫው አሁን በአማርኛ መነገሩ ነው። የጎደለበት ነገር አለ ወይ? አንብቡትና ፈትሹት።

ከ1994 የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአካባቢ ቋንቋዎች ሲሰጥ፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ማረጋገጥ የሚባለው ሥራ በጥብቅ በሚመጣበት ሰዓት ተማሪው በሁለት ግንባር ይዋጋል፤ ከሐሳቡና ከቋንቋው። ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው ሐሳቡ ነው፤ ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን ሸምድዶ ያልፋል። እንግሊዝኛ ይውደም አንልም። የዋርሶ ሰዎችም መጽሔታቸውን ዓለም በሚያነባቸው ቋንቋዎች ነበር የሚጽፉት፤ ሰሌዳ ፊት ቆመው የሚከራከሩት ግን በገዛ ቋንቋቸው ነበር። እኛም ክርክሩን በአማርኛ እንፈልገዋለን። ስለ ቃላት ጦርነት አንከፍትም። ኮምፓክት ኮምፓክት ይባል፣ ሜትሪክ ሜትሪክ ይባል፤ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ካልሆነ ግን» የሚሉት ግን በእናት ቋንቋ ይነገሩ። ማሰብ የሚኖረው እነርሱ ውስጥ ነው።

የምንከተለው የማስተማር ስልት ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ባለሙያ አይባልም። ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ፣ የራሱን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ያርማል፣ ጓደኞቹ ይሰማሉ፤ ትናንት የተባለውን ዛሬ መድገም ነውር ነው። የቶፖሎጂ ጉባኤያችንም እንዲሁ ይሁን። ማረጋገጫውን መምህሩ አይጽፍም፤ ተማሪው ይዞ ይመጣል፤ ስሕተቱ በሁሉ ፊት ይገኛል፤ ስሕተት ያገኘም ስሕተት የሠራም በእኩል ይመሰገናል።

በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሮበርት ሊ ሙር ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ስልት ነበረው፤ መጽሐፍ ከልክሎ ቲዎረሞችን ብቻ ሰጥቶ ተማሪዎቹን ራሳችሁ አረጋግጡ ይል ነበር። ከእጁ ከወጡት አንዷ ሜሪ ኤለን ሩዲን ናት። ኖርማል የሆነ ስፔስ ከ0 እስከ 1 ካለው ቁራጭ ጋር ሲባዛ ኖርማልነቱን ይይዛል ወይ የሚለውን፣ ከክሊፎርድ ዳውከር የ1951 ሥራ የተነሣውን ጥያቄ፣ በ1971 ባቀረበችው አፍራሽ ምሳሌ አይይዝም ብላ ዘጋችው። ነገር ግን ሙር ጥቁር ተማሪዎችን ክፍሉ አላስገባም። ስልቱን እንወስዳለን፤ በሩን የዘጋበትን እጅ እናወግዛለን። ጉባኤያችን ለማንም አይዘጋም፤ ለሴትም ለወንድም፣ ፈተና ላለፈም ለወደቀም፣ አማርኛ አፍ መፍቻው ለሆነም በኋላ ለለመደም።

ጉባኤ ለመዘርጋት ሰሌዳ ያለው አንድ ክፍል፣ ጠመኔና አራት አምስት ሰው ይበቃል። የትምህርት ቤት ክፍል ከሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል፤ ቤተ መጻሕፍትም ጥግ አያጣም። በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭ ወይም በዱባይ ያለ ወገናችን በስልክ ይግባ፤ ይህ ትምህርት በቃል ሊነገርና በቃል ሊፈረድ የሚችል ነው። እያንዳንዱ ጉባኤ አንድ የጋራ መዝገብ ይያዝ። ለእያንዳንዱ ባሕርይ አንድ ገጽ ይከፈት፤ ብያኔው ይጻፍ፤ ባሕርዩን የያዘ አንድ ስፔስና የጎደለው አንድ ስፔስ ይስፈር፤ ያመጣው ሰው ስምና ያረመው ሰው ስም ይጻፍ። አፍራሽ ምሳሌ ያልተገኘለት ገጽ ባዶውን ይተው፤ ማንም አይሙላው፣ ከጓደኛ መጽሐፍ ገልብጦም አያሳምረው። መዝገቦቹ ለሁሉም ክፍት ይሁኑ፤ የአንዱ ከተማ ባዶ ገጽ በሌላው ከተማ ሊሞላ ይችላልና።

«አገሪቱ መንገድና ዳቦ ስትፈልግ ይህ ምን ይሠራል?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ቀላል መልስ አንሰጥም። ቶፖሎጂ ለተማረ ሁሉ ሥራ እናስገኛለን ብለን አንምልም። ዴና ስኮት ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኮምፒውተር ፕሮግራሞችን ትርጉም በቶፖሎጂ ሲያቆም የተጠቀመባቸው ስፔሶች ሃውስዶርፋዊ አለመሆናቸውን ልንነግራችሁ እንችላለን፤ «ይህ ስፔስ ለምንም አይጠቅምም» ተብሎ የተናቀው ዓይነት የፕሮግራም ሳይንስ መሠረት ሆኗል። ክርክራችን ግን እዚያ ላይ አይቆምም። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» የሚል አባባል በሬዲዮ፣ በስብሰባ፣ በቤት ውስጥ በየቀኑ ይነገረናል። አንድ ወጣት ይህን ሲሰማ በቁጣ ሳይሆን በእርጋታ «ሁልጊዜ? እስቲ ይህንን ተመልከቱ» ብሎ የሚያፈርስ ምሳሌ ቢያመጣ፣ ሌላው ደግሞ ተሸነፍኩ ብሎ ሳይሆን ወሰኑን አየሁ ብሎ ቢቀበለው፣ ያ ወጣት ለመንገዱም ለዳቦውም ይጠቅማል ብለን እናምናለን። ቶፖሎጂ ይህን ልማድ ያለ ጠብ የምንለማመድበት ሜዳ ነው፤ በክፍት ስብስብ ማንም አይቀየምምና።

አሥር ዓመት ስጡን። በአሥር ዓመት ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ፣ በተማሪዎች እጅ የተሞላ፣ ባዶ ገጾቹ በግልጽ የሚታዩ የስፔሶች መዝገብ እናኖራለን። ከዚያ መዝገብ ባዶ ገጽ ላይ ተነሥቶ ዓለም ያልመለሰውን ጥያቄ የሚመልስ ሰው እንጠብቃለን፤ ሱስሊን 24 ዓመቱ ነበር፣ ያኒሼቭስኪ 31፤ ዕድሜን ሰበብ የምናደርግበት ምክንያት የለም።

ለመጀመሪያው ጉባኤ ሥራው ይህ ነው። ሦስት ነጥቦች ውሰዱ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ በሏቸው። በእነዚህ ላይ ሦስቱን ሕጎች የሚያከብሩ የክፍት ስብስቦች ምርጫዎች በትክክል 29 ናቸው፤ ሁሉንም ጻፏቸው። ከ29ኙ መካከል ተያያዥ የሆኑት 19 ናቸው። ከማናቸውም ሁለት ነጥቦች መካከል አንዱን ይዞ ሌላውን የሚተው ክፍት ስብስብ ያላቸውም 19 ናቸው። አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲያውስ በሦስት ነጥብ ላይ ሁለቱ ባሕርያት አንድ ናቸው» ቢላችሁ፣ ምን ይዛችሁ ትመልሱለታላችሁ?